በራችሁን የሚያንኳኩት በጎ ፈቃደኞች ከየት ይመጣሉ?

(በክሊኒካችን መቆያ አዳራሽ ለባለትዳሮች ከተደረገ ንግግር)

ወንበር ያላገኛችሁ ትንሽ ተጠጋጉ፤ ነፍሰ ጡሮቹን አስቀድሙልኝ። ካርዳችሁ እስኪወጣ ድረስ ያለችውን ጊዜ ልውሰድባችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሕፃኗን ለክትባት ይዛ መጥታ ሳለ፣ «ሲስተር፣ እነዚያ በየቤቱ እየዞሩ ጠብታ የሚሰጡትን ሰዎች ማን ነው የሚከፍላቸው? ምን ፈልገው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እንደሚሆን ስለ ገመትኩ የዛሬውን ንግግሬን በዚሁ ላይ አድርጌዋለሁ።

ከነዚያ ሰዎች መካከል የጤና ሠራተኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። ለዘመቻው ቀናት ጥቂት አበል የሚታሰብላቸውም አሉ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከእነርሱ ጎን ሣጥን የሚሸከሙ፣ መኪናቸውን የሚያውሱ፣ ነዳጅ የሚሞሉ ሌሎች ሰዎች ግን ታገኛላችሁ። እነዚህ የአገልግሎት ክበብ አባላት ናቸው። ነጋዴ፣ መምህር፣ ሐኪም፣ የባንክ ሠራተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ሥራ አንድ ሳንቲም አይቀበሉም፤ ይልቁንም ከኪሳቸው ያወጣሉ።

ዕድርና ማኅበር ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሮታሪ የሚባለውን ክበብ ብንወስድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ሰዎች ጋር ተሰበሰበ። አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስብሰባውን ዛሬ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው መሥሪያ ቤት ተራ በተራ ያደርጉት ስለነበር ስሙ «ሮታሪ» ተባለ፤ ተዘዋዋሪ እንደ ማለት ነው። ልክ የእኛ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞረው፤ ጠላና ዳቦው ይቅር እንጂ። በመጀመሪያ ዓላማቸው መተዋወቅና በንግድ መረዳዳት ነበር። ቆየት ብለው ግን ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ በቺካጎ መሀል ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ አከበርኳቸው። ገበያ ወጥታ መጸዳጃ ያጣች ነፍሰ ጡር ምን እንደምትሆን እናንተም እኔም እናውቃለን።

ከሮታሪ ቀጥሎ ኪዋኒስ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ላየንስ ደግሞ በ1917 ተመሠረቱ። ሦስቱም የተወለዱት በዚያው በአሜሪካ ነው፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች አባላት አሏቸው። ሮታሪ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ያህል አባላት አሉት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እነዚህ ክበቦች ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ነበሩ። ሮታሪ ሴቶችን በአባልነት እንዲቀበል ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ለሴቶች በሩን የከፈተው ደግሞ በ1989 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የዓለም አቀፍ ፕሬዚዳንት ጄኒፈር ጆንስ ሥልጣኑን የያዙት በ2022 ነው። ስለ እናቶችና ሕፃናት የሚሠራ ማኅበር እናቶችን ከጠረጴዛው ለማስቀመጥ ይህን ያህል መዘግየቱ ለእኔ የሚገርም ነው።

ወደ ጠብታው ልመለስ። የልጅነት ልምሻ፣ በሕክምና ስሙ ፖሊዮ፣ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና እጅ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ከ200ው አንዱ ገደማ ግን የማይመለስ ሽባነት ያገኘዋል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ሰፈር አንድ ልጅ እግሩ ሲልም ከታየ ቫይረሱ ሳይታወቅ መቶና ሁለት መቶ ሰው ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ክትባት ሰጪዎቹ «ልጄ ጤነኛ ነው» ብትሏቸውም የማይመለሱት። መድኃኒትም የለውም፤ ያለው መከላከል ብቻ ነው።

ሮታሪ ወደዚህ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 በፊሊፒንስ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን ለማስከተብ በተጀመረ ሥራ ነው። በ1985 ግን ዓላማውን አሰፋና የዓለምን ልጆች በሙሉ ከልምሻ ለማዳን 120 ሚሊዮን ዶላር አሰባስባለሁ ብሎ ተነሣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ እጥፍ በላይ፣ 247 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ። በ1988 የዓለም የጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር እንዲጠፋ ወሰነ፤ የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልና ሮታሪ አብረው ሥራውን ያዙ። በዚያን ዓመት ልምሻ ከ125 በሚበልጡ አገሮች በዓመት 350,000 ያህል ሰዎችን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ ሽባ ያደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው በነሐሴ 2020 ነው። ይህ ቫይረስ እስከ ዛሬ መተላለፉን ያላቆመባቸው አገሮች አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ናቸው። በፓኪስታን ጠብታ ይዘው ከቤት ወጥተው የተገደሉ ሴቶች እንዳሉ ስትሰሙ፣ ሳጥኑን ይዞ በራችሁ ላይ የቆመውን ሰው በሌላ ዓይን ታዩት ይሆናል።

ከእኛው ወገኖችም በዚህ ሥራ ስማቸው የተጠራ አለ። በአሜሪካ ሲያትል የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊው የሮታሪ አባል አቶ ዕዝራ ተሾመ ለብዙ ዓመታት የክበብ ጓደኞቻቸውን እየመሩ ለክትባት ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። ታይም መጽሔትም በ2005 ከዓለም የጤና ጀግኖች መካከል ቆጥሯቸዋል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ልምሻ ከሶማሊያ በኩል ተመልሶ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። እኔ ያኔ ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። በዘመቻው ለአንድ ቀበሌ ተመደብኩ። ሣጥኑን ሊሸከሙልኝ የመጡት ሰው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። በረዶ የተሞላ የክትባት መያዣ ሣጥን ቀላል አይደለም፤ ሰውዬው ግን ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከትከሻቸው አላወረዱትም። ሱቃቸውን ማን እንደሚጠብቅ ብጠይቃቸው፣ «ሱቁ ከሃያ ዓመት በኋላም ይኖራል፤ ቫይረሱ እንዲኖር አልፈልግም» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ ከአንድ ግቢ ደረስን። አንዲት እናት ከአልጋ ላይ ናት፤ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አማቷ ከበሩ ቆመው፣ «ክርስትና ሳይነሣ በልጄ አፍ ምንም አይገባም፤ ፀሐይም አያየውም» አሉ። እኔ ወጣት ነበርኩና ያጠናሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩባቸው። ቫይረሱን፣ ሽባነቱን፣ ሁለት መቶውን። ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ወላዷን አየኋት። ዓይኗ ጠብታዋን ፈልጓል፤ አፏ ግን፣ «ባለቤቴ ሲመጣ ይወስን» ከማለት ሌላ አልቻለም። ባልየው ሥራ ላይ ነው።

ነጋዴው ሣጥኑን አወረዱና በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «እማማ፣ ውኃ ይኖራል?» አሉ። ውኃ መጣላቸው። ስለ አገራቸው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ስለ ክትባት አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሲነሡም፣ «ነገ ባለቤቴን ይዤ መጥቼ አራስ ልጠይቅ፤ ይፈቅዱልኛል?» አሏቸው። ሴትዮዋ እንግዳ መመለስ አልቻሉም። እኔ ግን በሆዴ ተናድጄ ነበር፤ ጊዜያችን ሄደ፣ ሌላ አምሳ ቤት ይቀረናል እያልኩ። በግድግዳው ላይ ልጁ አለመከተቡን በጠመኔ ጽፌ አለፍን።

በማግሥቱ በእርግጥም ከሚስታቸው ጋር መጡ፤ ገንፎ በሰሐን ተሸፍኖ፣ ቅቤው ላዩ ላይ። ባልየውም ወደ ሥራ ሳይሄድ ጠብቆ ነበር፤ ወላዷ ሌሊቱን ነግራዋለች። ጨዋታው ላይ አማቲቱ ራሳቸው ስለ ታናሽ ወንድማቸው አነሡ። በልጅነቱ ትኩሳት ይዞት በሦስተኛው ቀን አንድ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ቀረ፤ ከብት መጠበቅ አልቻለም፣ ዕድሜውን በሙሉ በዱላ ነው የሄደው። «ለካ እሱን የነካው ይኼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ነጋዴው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም በዚህ ጊዜ ቀስ ብዬ መለስኩላቸው። ሁለት ጠብታ ናት። ሕፃኑ ፊቱን ጨፍግጎ ዋጣት። የግራ እጁን ትንሽ ጣት በቀለም ምልክት አደረግሁለት፤ አማቲቱ ጣቱን ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት።

ያን ቀን ያጠፋነው ጊዜ በምንም ዘገባ ላይ አልተጻፈም። ክትባቱ የገዛ ገንዘብ ነው፤ ሣጥኑም፣ መኪናውም። ነገር ግን ገንፎ ይዞ ሁለተኛ ጊዜ መመለስን በጀት የሚይዝለት መሥሪያ ቤት አላየሁም። ስለ ክበቦቹ ስጠየቅ የማነሣው ይህን ነው።

እንደ አዋላጅ ነርስ ሁለተኛው ጉዳዬ ቴታነስ ነው፤ አገርኛው መንጋጋ ቆልፍ ይለዋል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደኅና ይጠባል። ከዚያ በኋላ ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ መንጋጋው ይቆለፋል፣ ገላው እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ብርሃንና ድምፅ ሲነካው ይንፈራገጣል። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ ወይም እበትና አፈር ሲቀባበት የሚገባ መርዝ ነው። በ1988 በዓለም ወደ 787,000 የሚጠጉ ጨቅላዎች በዚህ ሞተዋል ተብሎ ተገምቷል። መከላከያው እናቲቱ የምትወጋው ክትባት ነው፤ ከእሷ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ኪዋኒስ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በ2010 ለዚሁ ክትባት 110 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ተነሣ። ከዚያም በፊት፣ ከ1994 ጀምሮ፣ ይኸው ክበብ እንቅርትንና የሕፃናትን የአእምሮ እድገት መጓደል ለመከላከል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ሲረዳ ቆይቷል።

ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ ማስወገዷ የተረጋገጠው በ2017 ነው። ይህ የብዙ ሰው ድካም ነው፤ በተለይም የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን። ይሁን እንጂ ማስወገድ ሲባል በየወረዳው ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት በቴታነስ የሚያዘው ከአንድ በታች ሆነ ማለት ነው። ልምሻ ከምድር ሊጠፋ ይችላል፤ የቴታነስ ተሕዋስ ግን መኖሪያው አፈር ስለሆነ አይጠፋም። «በሽታው የለም ተብሏል» ብላ ክትባቷን የተወች ነፍሰ ጡር ልጇን ለዚያው አፈር አሳልፋ ትሰጣለች።

ስለ ላየንስም ጥቂት ልበል። ማየትና መስማት የተሳናቸው ሔለን ኬለር በ1925 በስብሰባቸው ተገኝተው ዓይነ ስውርነትን እንዲዋጉ ለምነዋቸው ስለነበር የዓይን ጤና ዋና ሥራቸው ሆነ። እኛን የሚመለከተው ትራኮማ ነው። ላየንስ ከ1999 ጀምሮ ከካርተር ማዕከል ጋር በመሆን በአፍሪካ ትራኮማን ለመከላከል ሠርቷል፤ በአማራ ክልልም ብዙ ሕዝብ መድኃኒት ያገኘው በዚህ በኩል ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ራሳቸው በትውልድ ከተማቸው የላየንስ አባል ነበሩ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን የሚፍቀው ይህ ሕመም ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ይጎዳል፤ ሕፃናትን የምናጥበውና የምናቅፈው እኛ ነንና ከእነርሱ ወደ እኛ ይመላለሳል። የልጆቻችሁን ፊት በየጧቱ እጠቡ፤ ሌላውን የዓይን ክፍል ባልደረቦቼ ይነግሯችኋል።

ክበቦቹን ሳመሰግን ጉድለት የላቸውም ማለቴ አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ክበብ ጨቅላ ሕፃናትን የሚያሞቅ መሣሪያ አበረከተልን። ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ሪባን ተቆረጠ። መሣሪያው ግን የተሠራው ለ110 ቮልት ነበር፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ማስተካከያውን የሚገዛ ስላልተገኘ ላዩ ላይ አንሶላ ማስቀመጫ አደረግነው። ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሌላ ክበብ መጣና የመጀመሪያ ንግግሩ፣ «ምን ጎደላችሁ?» የሚል ሆነ። ከጽዳት ሠራተኛችን ጀምሮ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ውኃ!» አልን። ማጠራቀሚያ ታንከርና ቧንቧ ተከሉልን። ከዚያ ወዲህ በማዋለጃ ክፍል እጄን ለመታጠብ ሰው በጆግ እስኪያመጣልኝ አልጠበቅኩም። የመጀመሪያው ስጦታ ከታንከሩ ይልቅ ውድ እንደነበር እገምታለሁ።

እንግዲህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? አባል ሁኑ አልልም፤ የምትችሉ ሁኑ፤ ለብዙዎቻችሁ ግን ኑሮው ራሱ በቂ ሸክም ነው። ዕድራችሁ ስብሰባ ሲያደርግ የክትባት ዘመቻው ቀን እንዲነገር ማድረግ ይቻላል። በሰፈራችሁ ከወለደች ገና ሳምንት ያልሞላት ሴት ካለች ለዘማቾቹ መጠቆም ይቻላል፤ ከሁሉ የሚያመልጠን አራስ ቤት ያለው ጨቅላ ነውና። በአገራችን ከ2019 ወዲህ ከክትባቱ የሚነሣ ሌላ ዓይነት የፖሊዮ ቫይረስ ታይቷል። ይህ የሚመጣው ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በቀሩበት አካባቢ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ጠባዩን ስለሚለውጥ ነው። የተከተበ ልጅ አይሰጋም፤ አደጋው ላልተከተበው ነው። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ «ባለፈው ወስዷል» ብላችሁ አትመልሱ፤ ተጨማሪ ጠብታ አይጎዳውም።

ለባሎች አንድ ልመና አለኝ። ያቺ ወላድ ልጇ እንዲከተብ ፈልጋ ነበር፤ የጎደላት የእናንተ ቃል ነው። ሥራ ላይ ሳላችሁ የሚመጣ ሰው እናንተን ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ሚስታችሁ ሳትወልድ፣ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ጠብታው ይሰጠው? እናታችሁስ እምቢ ቢሉ ማን ይነግራቸዋል? እናታችሁን የምታስረዱት እናንተ እንጂ ምራቲቱ መሆን የለባትም።

ዛሬ ካርድ የያዛችሁ እናቶች በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ እለፉ። የልምሻ ጠብታ እንደ ተወለደ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ በመርፌ የሚሰጠውም አለ፤ ቀኑን በካርዱ ላይ እንጽፍላችኋለን። ነፍሰ ጡሮች የቴታነስ ክትባታችሁ ስንተኛው እንደሆነ ንገሩኝ፤ የረሳችሁም አትፈሩ፣ አብረን መዝገቡን እናያለን። አባቶችም ግቡ፤ ውጭ ቆማችሁ አትጠብቁ።